የልደታው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉትን፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ብቻ የሚላቸውን ጡረተኛ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ለማመስገን ነው ይህን የጻፍነው። ተባርራ የነበረች አባላችን ወደ ሥራ ገበታዋ ተመልሳለች። የሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ፣ ነገሩ ሳይበላሽ ወደ እሳቸው ሂዱ።

እሳቸው ጋ ከመድረሳችን በፊት ያንኳኳናቸውን በሮች ስም አንጠራም። አንዱ ገንዘቡን ተቀብሎ በየሳምንቱ ለሥራ አስኪያጁ የልመና ደብዳቤ ሲያስጽፍ ከረመ። ሌላው የአንድ ሰው ስንብትን ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ውሰዱት አለ። በመጨረሻ እጃችን ላይ የቀረው ስድስት ገጽ ማመልከቻ ነበር፤ ግማሹ እሮሮ፣ ግማሹ ስድብ። ቀን የሚባል ነገር አልተጻፈበትም።

ጋሼ ስድስቱን ገጽ አላነበቡትም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «አሠሪው ጥፋት ያለውን ያወቀው መቼ ነው? ደብዳቤውስ እጇ የገባው መቼ ነው?» ብቻ አሉ። ከዚያ ካላንደሩን ከግድግዳ አውርደው፣ እሑድና በዓሉን እየዘለሉ በእርሳስ ቆጠሩ። አሠሪው ካወቀበት እስከ ደብዳቤው 43 የሥራ ቀን። «በሉ፣ ለክሱ 11 ቀን ቀርቷችኋል፣ ዛሬውኑ እንጻፍ» አሉና ወረቀት ሳቡ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን የሚጠቀመው ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ነው፤ ካለፈው አለፈው። ሠራተኛውም ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከሰው ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ 6 ወር አለው። ብዙ ማኅበር የሚበላው እዚህ ጋ ነው፦ አለቃው ጠርቶ «እንነጋገርበታለን» ሲል ይርጋው (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) የቆመ ይመስለዋል። አይቆምም። አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ካመነ ግን ይቋረጣል፤ ስለዚህ ከስብሰባ ስትወጡ ቃለ ጉባኤ አስፈርሙ።

የት እንደሚከሰስ ማወቁም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስንብት፣ ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድ የመሰለው የግል ክርክር ስለሆነ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት አንቀጽ ትርጉም ካጣላ የወል ክርክር ነው፤ አስማሚ፣ ቀጥሎም ቦርድ ያየዋል።

ጋሼ ኮሚቴውን ሲመክሩ የአሜሪካ አብራሪዎችን ያነሣሉ። (አውሮፕላን ከልደታ ጋር ምን አገናኘው አትበሉ።) እነዚያ እ.ኤ.አ. በ1931 ማኅበር መሠረቱ፤ ለባቡር ሠራተኞች የወጣው የ1926 ሕግም በ1936 ለአየር መንገዶች ተዘረጋ። አብራሪው የውል ጥሰት ነው ያለውን ምድብ አሻፈረኝ አይልም። ይበርና ቅሬታውን በጽሑፍ ያስገባል፤ የበረራ ደኅንነት ከሆነ ብቻ ነው እምቢ የሚለው። ካልተፈታ ኩባንያውና ማኅበሩ እኩል ሰው የሚያስቀምጡበት ቦርድ ያየዋል፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ገለልተኛ ዳኛ ይጨመራል። እኛም ዘንድ ተናድዶ ከሥራ መቅረት ለአሠሪው ሲሳይ ነው፦ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ወዲያው ይሰናበታል። ሥሩ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ተቃውሟችሁን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ። በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ካላስመታችሁ እንዳልጻፋችሁ ቁጠሩት።

የስንብት ክፍያ ስሌቱንም እዚያው ያወጡላችኋል። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 300 ብር የሆነ፣ 4 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 3,000 እያለ፣ ባጠቃላይ 18,000 ብር። ዋጋቸውን ቀድመው ይናገራሉ፣ በኋላ አይጨምሩም። ሠራተኛ ወይም ማኅበር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ የነገሩንም እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት «ለዳኝነት» እየተባልን ስንት ብር አውጥተናል መሰላችሁ!

ስትሄዱ የሥራ ውሉን፣ የኅብረት ስምምነቱን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ያዙ። ደብዳቤው በፖስታ መጥቶ ከሆነ ፖስታውን እንዳትጥሉት፤ ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት በላዩ ያለውን ቀን ነው።