«ሰማያዊ ቱሊፕ» ብሎ ሽንኩርት ሸጠልኝ

ሰማያዊ ቱሊፕ የሚባል አበባ የለም። እኔ ይህን ያወቅሁት 2,400 ብር ከፍዬ ነው፤ እናንተ በነጻ እወቁት።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ደጃፌ ላይ አንድ አልጋ የምታክል መሬት አለችኝ፤ ከሥራ መልስ እሷን ስኮተኩት ነው ድካሜ የሚወጣልኝ። ኅዳር ላይ አንድ ሻጭ «ከሆላንድ የገባ የቱሊፕ ኮረት፣ ሰማያዊ፣ 10 ፍሬ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ለጠፈ (ኮረት ማለት አፈር ውስጥ የሚተከለው ድቡልቡሉ ክፍል ነው)። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ብሩን በቴሌብር ላክሁ፤ ፒያሳ ላይ አንድ ሞተረኛ ፓኬቱን አቀብሎኝ ሄደ። ደረሰኝ የለ፣ የዝርያ ስም የለ፣ ማን እንዳስገባው የተጻፈ ነገር የለ። ያ የሚያምር ፎቶ ብቻ።

ከፍቼ ሳየው «ሽንኩርት ይመስላል እኮ» ብዬ ጻፍሁለት። «ቱሊፕ ሽንኩርት ነው የሚመስለው» አለኝ። ዋሸ አልልም፤ እውነትም ይመስላል። የተጫወተብኝም በዚያው ነው።

አሸዋና ፍግ ቀላቅዬ ተከልሁ፣ በቀለ፣ ፈነደቅሁ። ወር ገደማ ሲሆነው ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል አይተው «ሽንኩርት ተከልሽ ልጄ? ደግ አደረግሽ፣ የገበያው እንደሆነ አይቀመስ» አሉኝ። «አይ እማማ፣ የፈረንጅ አበባ ነው» አልኋቸው። ገቡና ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፣ በሁለት ጣታቸው ጨፍልቀው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ከ10ሩ 6ቱ ቀይ ሽንኩርት ናቸው። የቀሩት 4ቱ ኋላ ሲያብቡ ግላዲዮለስ ሆኑ፤ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆች ጋ በርካሽ የሚገኘው ማለት ነው። እማማ ቅጠሉን ባሸተቱኝ ዕለት ለሻጩ ስጽፍለት «ጸደይ ሲገባ ያብባል፣ ታገሽ» አለ። የማን ጸደይ? በእኛ የዘመን ቆጠራ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው (መስከረምን ጸደይ የሚሉት ቢበዙም)። በዚያ ስሌት አራት ወር ልጠብቅለት ነው። ፎቶ አንስቼ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ።

አሁን ልዩነቱን ልንገራችሁ። የቱሊፕ ኮረት የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ ሹል፣ አንድ ጎኑ ለጥ ያለ፣ ልባሱ እንደ ወረቀት የሳሳ ቡናማ። ስትሰነጥቁት እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፣ ግን ዓይን አያቃጥልም። የግላዲዮለስ ደግሞ ዝርግ ነው፣ ውስጡም እንደ ድንች ድፍን። ከበቀለ በኋላማ ቀላል ነው፦ የቱሊፕ ቅጠል ሰፊና ዝርግ ሲሆን የሽንኩርት ግን ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። ቀለሙን በተመለከተ «ሰማያዊ» ተብሎ የሚሸጠው ቱሊፕ ቢበዛ ወይን ጠጅ ነው፤ ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው።

እሺ፣ እውነተኛ ቱሊፕ አገኛችሁ እንበል። እሱም ቢሆን ለአዲስ አበባ አይሆንም። ቱሊፕ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ልጅ ነው፤ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያልተቋረጠ ብርድ ይፈልጋል፣ ከ9 ዲግሪ በታች። የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ኮረቱ የብርዱ ወቅት ማለፉን አያውቅም። ቅጠል ያወጣል፣ አበባው ይቀራል፣ ወይም አፈር ላይ ተለጥፎ ይወጣል። በፍሪጅ አቆይተው የሚያሳብቡ አሉ፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዙር ነው። የምትሞክሩ ከሆነ በወረቀት ከረጢት አድርጉት፣ ሙዝና ፖም አጠገቡ አታስቀምጡ፤ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ውስጡ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋል። ከወጥ ሽንኩርት ጋርም እንዳይቀላቀል። በተለይ ዳፎዲል የሚባለው ሌላ አበባ ኮረቱ መርዝ ነው፣ በስህተት ወጥ ውስጥ ቢገባ ቤተሰብ ሙሉ ሲያስታውክ ያድራል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ያለ ፍሪጅ የሚያብብልን ሞልቶ ነው የተታለልሁት። ካላ ሊሊ አንዴ ከያዘ ዓመት ዓመት ይመለሳል፤ አጋፓንተስም እንዲሁ። ነጭ ሆኖ መሃሉ ወይን ጠጅ የሆነ፣ ማታ ማታ የሚሸት ግላዲዮለስ አለ፤ የገዛ አገራችን ተክል ነው፣ አውሮፓ ውስጥ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ተብሎ በፓኬት ይሸጣል። እኔ የሆላንድ ስፈልግ ሆላንዶች የእኛን ይቸበችባሉ።

ብሩ አልተመለሰም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዙ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይፈቅዳል። ግን ኮረት ማንነቱን በ15 ቀን አይናገርም፤ እኔ ሳውቅ ወር አልፎኛል፣ ደረሰኝም አልነበረኝም። ስለዚህ አስቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ሞተረኛው ሳይሄድ አንዱን እዚያው በቢላ ሰንጥቁና አሽትቱት።