የቆስጠንጢኖስ ዘመን የነሐስ ሳንቲሞች ጥቅል፦ ምስሉ ያማረ፣ መግለጫው የጎደለው

ጥንታዊ ሳንቲሞችን በኢንተርኔት ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ያዘዝኩት ጥቅል ከ330 እስከ 350ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የተመቱ የሮማ የነሐስ ሳንቲሞችን የያዘ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሳንቲም በየራሱ የወረቀት ኪስ ተቀምጦ ክብደቱና ስፋቱ ተጽፎበታል። በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነት ሳንቲም እጅግ በብዛት ስለተመታ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ በመሆኑም ገዢው የሚከፍለው ለብርቅነቱ ሳይሆን ለምስሉ ጥራት ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የላቀው «ኡርብስ ሮማ»፣ ማለትም «የሮማ ከተማ»፣ የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። በፊቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ የለም፤ በምትኩ የራስ ቁር የደፋች ሴት ሆና የተመሰለችው የሮማ ከተማ ትታያለች። በጀርባው ተኩላዋ በአፈ ታሪክ የሮማ መሥራቾች የሚባሉትን መንትዮች ሮሙሉስንና ሬሙስን ስታጠባ አንገቷን ወደ መንትዮቹ መልሳለች፤ ከበላይዋ ሁለት ከዋክብት አሉ። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ነሐስ ላይ የአንገቷ ጠጉር ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። ከምስሉ ግርጌ ያሉት ፊደላት ሳንቲሙ በአንጾኪያ መመታቱን በግልጽ እያሳዩ ሻጩ «ቆስጠንጢኖስ» ብሎ ብቻ ማለፉ ግን ለእንዲህ ያለ ዕቃ የማይመጥን ስንፍና ነው።

«ግሎሪያ ኤክሰርኪቱስ»፣ ማለትም «የሠራዊቱ ክብር»፣ የሚሉት ሁለቱ ሳንቲሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትርጉማቸው ይጎላል። በቀደመው ላይ በሁለት ወታደሮች መካከል ሁለት የጦር ዓርማዎች ቆመዋል፤ ከ335 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የሳንቲሙ ክብደትና ስፋት ሲቀነስ ግን ወታደሮቹ ተጠጋግተው በመካከላቸው አንድ ዓርማ ብቻ ቀርቷል። ዓርማው በግማሽ ቀንሶ ስለ ክብር የሚናገረው ጽሑፍ እንዳለ መቀጠሉ ፈገግ ያሰኛል።

ቅር ያሰኘኝ የቆስጠንጢኖስ ልጅ የሆነው የንጉሠ ነገሥት 2ኛው ቆንስታንቲዮስ ሳንቲም ነው። ጀርባው ላይ ሮማዊው ወታደር ከፈረሱ ጋር የወደቀውን ጠላት በጦር ሲወጋ ይታያል፤ ሆኖም በዘመናት ብዛት የተፈጠረው አረንጓዴ ሽፋን እስከ ባዶው ብረት ድረስ ስለተፋቀ የወዳቂው ፊት አብሮ ጠፍቷል። በጨለማ የተነሣው የሻጩ ፎቶግራፍ ይህን ጉዳት አላሳየም። ጉዳዩን ስገልጽለት ሳይከራከር ሳንቲሙን ተቀብሎ ገንዘቤን ስለመለሰልኝ ከእርሱ ድጋሚ ለመግዛት አላመነታም፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ሁለቱም ገጾች በቀን ብርሃን የተነሡበትን ፎቶግራፍ እጠይቃለሁ።