ለመስኮት ጽዳት የገዛሁት የውሃ ማለስለሻ፦ ከላስ ቬጋስ የተጻፈ ግምገማ

የላስ ቬጋስ የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል፤ ጥንካሬውም በሊትር 280 ሚሊግራም ገደማ ነው። መስኮት በዘንግና በንጹሕ ውሃ የማጥብ እንደ መሆኔ፣ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያዬ (ውሃን በግፊት አሳልፎ የሟሟውን ማዕድን የሚያስቀር) ሜምብሬን፣ ማለትም ስስ የማጣሪያ ሽፋን፣ በነጭ የማዕድን ግግር ተደፍኖ የውሃው ፍሰት ወደ ጠብታ ሲወርድ ማለስለሻውን ለመግዛት ተገደድሁ።

በተገጠመበት ቀን በውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን መለኪያዬን ከማለስለሻው በወጣው ውሃ ውስጥ ብነክረው ቁጥሩ ከቧንቧው ውሃ እምብዛም አልተለየም፤ እውነቱን ለመናገር፣ የተታለልሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ማለስለሻ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን በሶዲየም ይተካል እንጂ የሟሟውን ማዕድን ጠቅላላ መጠን አይቀንስም። ሶዲየሙ ግግር ስለማይሠራ ሜምብሬኑ ሳይደፈን አብዛኛውን ያስቀራል፤ የተረፈውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ሬዚን፣ ማለትም የሟሟ ማዕድን የሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች፣ ይዞት የመለኪያው ቁጥር ዜሮ ይሆናል። ፍሰቱ አሁን አስተማማኝ ነው።

ቅሬታዬ በገጣሚው ላይ ነው። የውሃውን ጥንካሬ ሳይለካ በመሣሪያው ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ የጥንካሬ ቁጥር ሞልቶ ስለሄደ፣ ራሴ እስካስተካክለው ድረስ ጠንካራ ውሃ ያሳልፍ ነበር። ለማለስለሻው ሶዲየም የሚሰጠውን፣ 18 ኪሎ የሚመዝነውን የጨው ከረጢት መሸከሙም ቀላል አይደለም።

ያለ ሜምብሬን በሬዚን ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ገንዘቡን አያባክን፤ ሶዲየሙም ሬዚኑን እኩል ይጨርሰዋልና። ውሃው በተፈጥሮው ለስላሳ በሆነባት በሲያትል ለሚሠሩ ባልደረቦችም ይህን ዕቃ አልመክርም።