በከተማ ማረፊያ በ«ሙሉ ፓኬጅ» ውስጥ የሚሰጠው የጋዝ ጣሳ፦ ለእግር ተጓዦች ማስጠንቀቂያ

በረጅም የእግር ጉዞ ላይ ያላችሁና ለአንድ ሁለት ቀን እረፍት ወደ ከተማ ለመውረድ የምታስቡ ሁሉ፣ የእንግዳ ማረፊያዎች «ሙሉ ፓኬጅ» እያሉ የሚያቀርቡትን ስምምነት ተቀብላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ።

እኔ ያረፍኩበት ቤት አልጋ፣ ሻወር፣ የልብስ አጠባ፣ ወደ መንገዱ መነሻ የሚመልስ መኪናና 230 ግራም የሚይዝ የምድጃ ጋዝ ጣሳ በአንድ ዋጋ፣ ያውም በቅድሚያ፣ ያስከፍላል። ዋጋው ሁሉም ተለይቶ ቢገዛ ከሚወጣው ያነሰ በመሆኑ፣ ስድስት ቀን በእግሩ ሲጓዝ ለቆየ ሰው እምቢ ለማለት የሚከብድ ነበር። ስለ አልጋውና ስለ ሻወሩ ቅሬታ የለኝም፤ ልብሴ በደንብ ሳይደርቅ መመለሱንም በዝምታ አልፌዋለሁ።

ጣሳውን ስቀበል ከበድ ይላል፣ ሲነቀነቅም ፈሳሹ ይሰማል፤ ከዚህ በላይ አልመረመርኩትም፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ከከተማው በወጣሁ በሁለተኛው ሌሊት፣ በኮዳዬ ያለው ውኃ መርጋት በጀመረበት ብርድ፣ የምድጃው ነበልባል እየቀጠነ ሄዶ ውኃው ለብ እንኳ ሳይል ጠፋ። በማግስቱ ፀሐይ ጣሳውን ስታሞቀው ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ነደደ። ያኔ በደንብ ሳየው የክዳኑ ቀለም ከጣሳው ጋር አይሄድም፤ ምድጃው የሚጠመድበት ጥርስ ተፍቆ ያብለጨልጫል፤ በቫልቩ ዙሪያም ስስ የዝገት ቀለበት ይታያል። አዲስ ተብሎ የተሰጠኝ፣ ሌላ ሰው ጨርሶ የጣለውና እንደገና የተሞላ ጣሳ ነበር።

ለተራራ ምድጃ በፋብሪካ የሚሞላው ጋዝ ብዙውን ጊዜ የአይሶቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ሲሆን፣ አይሶቡቴን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ወደ ተን መለወጡን አያቆምም። ለጠረጴዛ ምድጃ የሚሸጠው ርካሽ ቡቴን ግን ገና ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል፤ ጋዙ ሲወጣ ጣሳው ራሱ ስለሚቀዘቅዝም፣ አየሩ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ባለበት ጊዜ እንኳ ምድጃው ሊደክም ይችላል። ከዚህ የከፋው፣ ከመጠን በላይ የተሞላ ጣሳ ለተን የሚሆን ባዶ ቦታ ስለማይኖረው፣ ሙቀት ሲያገኘው ፈሳሹ ሰፍቶ ጣሳውን ሊያፈነዳው መቻሉ ነው።

ለባለቤቱ ስልክ ስደውል የሰጠኝ መልስ «ጋዝ ጋዝ ነው» የሚል ነበር። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ፓኬጅ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ የጣሳው ዋጋ ስንት እንደነበር ማሳየት አልቻልኩም፤ እሱም የሚመልሰው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። በእኔ ግምት ፓኬጁ የተሰናዳው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱ አገልግሎት ዋጋ በደረሰኙ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ጣሳውንም ክዳኑን ከፍታችሁ ጥርሱንና ቫልቩን ሳታዩ አትቀበሉ። ሚዛን ካለ መዝኑት፦ ባለ 230 ግራሙ ጣሳ ባዶውን 150 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሙሉው ወደ 380 ግራም ይጠጋል፤ ከዚያ ጎላ ብሎ ከበለጠ እዚያው ተዉት። ሚዛኑ ልክ መሆኑ ግን በውስጡ ያለው ምን ዓይነት ጋዝ እንደሆነ አይነግራችሁም።

እንዲህ ያለውን ጣሳ ይዛችሁ መንገድ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ እሳት አጠገብ አድርጋችሁ ለማሞቅ ከቶ አትሞክሩ፤ ምድጃችሁንም አትጥመዱበት፤ ከፀሐይ አርቃችሁ ያዙትና በሚቀጥለው ከተማ በአዲስ ለውጡት።