ያቃጠልኳትን ሮቦት ላዳነችልኝ ልጅ

መገናኛ አካባቢ ያለች አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ላመሰግን ነው። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ ነው እንጂ ግንባሬ ላይ ለጥፌው ብዞር ደስ ባለኝ ነበር። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅባት ዓይነት ናት። አድራሻዋን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ለመስጠት አስፈቅጃታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከመታጠቢያ ቤታችን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው የክፍሉ ግማሽ የጀሪካን መጋዘን ነበር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት፣ ሰማያዊ በርሜል አንድ፣ ባልዲ ሁለት፣ ክዳኑ የጠፋ የላርጎ ጠርሙስ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ እግር ነጠላ ጫማ። ወለሉ ላይ ደግሞ የኦሞ ብናኝና የሁለቱ ሴት ልጆቼ ሹሩባ ሲፈታ የሚረግፈው ሰው ሠራሽ ጸጉር። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ስለሚያማት ጎንበስ ማለት አትችልም፤ ቆሻሻ አይታ ማለፍ ደግሞ ጨርሶ አይሆንላትም። ታግዘን የነበረችው ልጅ ዱባይ ከሄደች በኋላ፣ ባለፈው ክረምት እናቴ መወልወያ ይዛ ብቻዋን ገባች። አዳለጣት። በርሜሉን ይዛ ነው የተረፈችው።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን ስልክ ላይ አለቀሰች፣ በሦስተኛው ቀን ሮቦት ገዛች። አንድ የሚመጣ ሰው ሻንጣውን አጋምሶ ይዞልን መጣ። ክብ ናት፣ የትልቅ ድስት ክዳን የምታክል። እየዞረች ትጠርጋለች፣ ከሥሯ ባለው ጨርቅ ትወለውላለች፣ ስትጨርስ ማረፊያዋ ላይ ወጥታ የለቀመችውን ቆሻሻ ራሷ ታራግፋለች። ከዚያው ላይ ባትሪዋንም ትሞላለች። እናቴ ገና ከካርቶኑ ስትወጣ አይታት "ይቺ ኤሊ ናት እኮ" አለች፤ በዚያው ኤሊዋ ሆና ቀረች።

አሁን ኑዛዜዬ። አሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። ግን የስልኬም የላፕቶፔም ቻርጀር ላይ "100–240" የሚል ጽሑፍ አይቼ ስለለመድኩ ይቺም እንደዚያው መሰለችኝ። የሶኬት መለወጫ ብቻ ገዝቼ ሰካኋት። ጧ! አለ። ቆጣሪው ወረደ፣ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ጎማ ሸተተ፣ እናቴ "በስመ አብ" አለች። ማረፊያዋን ገልብጬ ጀርባዋን ሳይ በደቃቅ ፊደል "120V" ይላል። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ዕቃ ጀርባውን ሳላነብ አልሰካም፣ ግን ያኔ አልፎ ነበር።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ለማየት ብቻ 500 ብር ተቀበለኝና ቦርዱ አልቋል አለ። ወዲያው ደግሞ "ለዕቃ ልግዛህ" ብሎ ዋጋ ጠራ። ላለቀ ነገር ይህን ያህል መጓጓቱ ሳይገርመኝ አልቀረም። ሁለተኛው "ሰኞ ና" አለኝ፣ ሦስት ሰኞ ሄድኩ። ወደዚህች ልጅ የመራኝ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሠርታለት ነበር።

ተግባረ ዕድ ነው የተማረችው። ገና ሳስረክባት ማረፊያዋን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተችና "220 ላይ ሰክተዋት ነው?" አለች። እኔ ልጆች ናቸው ልል ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን አነሳች፣ ብርሃኑን አዙራ "ጋሼ፣ ይችን ይዩዋት" አለችኝ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ሲሊንደር፣ አናቷ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ መሀሉ ላይ ተሰንጥቋል። ካፓሲተር ናት፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ። ጎኗ ላይ 200 ቮልት ተብሎ ተጽፎባታል።

"120 ቮልት ሲባል ጫፉ አይደለም፤ ከፍ ሲል 170 ድረስ ይሄዳል። ይቺ ለ200 የተሠራች ስለሆነች ትችለዋለች። የእኛ 220 ግን ከፍ ሲል 310 ይደርሳል። እና ምን ታድርግ?"

አጠገቧ ያለችውን ሌላ ሰማያዊ፣ የካፖርት ቁልፍ የመሰለች ነገርም አሳየችኝ፤ ግማሽ ጎኗ ከስሏል። ቫሪስተር ትባላለች። ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ ራሷ ላይ ታሳልፈዋለች፣ በዚያ ጊዜ ፊውዙ ይበጠሳል። "ይቺ ባትሞት ቦርዱ በሙሉ ነበር የሚሄደው፤ የሞተችው ሥራዋን ሠርታ ነው" አለችኝ። ኤሊዋ ራሷ ደግሞ ምንም አልሆነችም። ከማረፊያዋ የምታገኘው ዝቅ ያለ ቮልት ስለሆነ እሳቱ እዚያው ማረፊያው ውስጥ ቀርቷል።

ሦስት ዕቃ ቀየረች፣ 2,400 ብር ጠየቀች፣ የወጡትንም በትንሽ ፌስታል አስራ ሰጠችኝ። "ለምን?" ብላት "ሌላ ሰው ቀይሬያለሁ ቢልዎት እንዲያውቁ" አለችኝ። ለማየት ብላ አንድ ብር አልወሰደችም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ከጎረቤት ተውሼ የያዝኳትን፣ 220ውን ወደ 120 የምታወርድ ትንሽ ኮንቨርተር ሳሳያት ግን ራሷን ነቀነቀች፤ 100 ዋት ናት። ኤሊዋ ባትሪ ስትሞላ የምትወስደው ትንሽ ነው፣ ችግሩ ቆሻሻ ስታራግፍ ነው። ያኔ ማረፊያው ውስጥ ያለው ሞተር እንደ ትልቅ የቤት መጥረጊያ ማሽን ይጮሃል። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ለሃያ ሰከንድ ግን የእኛው ጀርባ ላይ 1,000 ዋት ይላል። ስለዚህ ባለ 1,500 ዋት ቮልት ማውረጃ (ስቴፕ ዳውን) ገዛሁ። እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነገር ነው። ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ እንድሰካው፣ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ እንድነቅለው ነገረችኝ፤ ባዶውንም ይሞቃልና።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ድረስ መጣች። ስምንት ሰዓት ብላኝ የመጣችው ዐሥር ሰዓት ነው፤ ይህንንም ልጻፍ፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። ስልክም አታነሳም። መልእክት ጽፋችሁ ጠብቋት፣ ማታ ትመልሳለች።

ዋይፋይ አልያዝ ብሏት የነበረውን መጀመሪያ ጨረሰች። እንደዚህ ያሉ ዕቃዎች አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚይዙት፣ የእኔ ስልክ ደግሞ በ5ቱ ላይ ነበር። ሁለት ደቂቃ። ቀጥሎ ኮሪደር ላይ ለቀቀቻት። ኤሊዋ እየጠረገች ሄደች፣ ሄደች፣ ከሳሎን በር ስትደርስ ቀጥ አለች። ወደኋላ ተመልሳ እንደገና መጣች፣ እንደገና ቆመች። እዚያ ጋ ለጌጥ የተነጠፈ አንድ መስመር ጥቁር ሴራሚክ አለ። እናቴ "ምን አይታ ነው?" ብላ ወንበሯን አስጠጋች።

"ገደል፣ እማማ" አለቻት ልጅቷ። ኤሊዋ ከሥሯ የማይታይ ብርሃን ወደ ወለሉ ትልካለች፣ ተመልሶ ከመጣ ወለል አለ ማለት ነው። ጥቁሩ ሴራሚክ ብርሃኑን ዋጥ አድርጎ ስለሚያስቀረው ደረጃ ጫፍ የደረሰች ይመስላታል። መስመሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችበት፣ ኤሊዋ አለፈች። እናቴ አጨበጨበች።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ግን ልጅቷ ውስጡን አይታ ሳቀች። የእኛ ወለል እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ቤት ከኮሪደሩ አራት ጣት ዝቅ ይላል፣ ውሃ ወደ ውጭ እንዳይፈስ። ይሄ እውነተኛ ገደል ነው፤ ኤሊዋ ጫፉ ላይ ቆማ አፈገፈገች። ብትወርድም መውጣት አትችልም፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ነገር አትወጣም። ጀሪካኖቹ መሀልም ብትገባ መዞሪያ የላትም።

"እማማ፣ ይቺ ትጠርጋለች እንጂ ዕቃ አታነሳም" አለች ልጅቷ። ታላቋ ልጄ የሚያነሳ አለ ብላ ተከራከረች፤ እውነቷን ነው። በፈረንጆቹ ጥር 2025 ላስ ቬጋስ ላይ ሮቦሮክ የሚባለው ኩባንያ እጅ ያላት ሮቦት አሳይቷል፣ ካልሲና የተጣለ ሶፍት ከወለል ታነሳለች። የምታነሳው ግን እስከ 300 ግራም ነው። ውሃ የሞላ ጀሪካናችን ሃያ ኪሎ ነው።

መፍትሔው ብየዳ ቤት ነበር። ልጅቷ በእርሳስ በካርቶን ላይ ሥላ ሰጠችኝ፦ ግድግዳው ላይ የሚታሰር የብረት መደርደሪያ፣ የታችኛው እርከን ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ያለ፣ ኤሊዋ በሥሩ እንድታልፍ። ሰፈራችን ያለው በያጅ በሦስት ቀን አደረሰው። ጀሪካኖቹ ወጡ፣ ባልዲዎቹ ተሰቀሉ፣ የነጠላ ጫማዋ ሁለተኛ እግር ከበርሜሉ ጀርባ ተገኘች። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን መታጠቢያ ቤቱ ኤሊዋ ሳትገባበት ግማሽ ያህሉ ጸድቶ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሥራ ለአራት ዓመት ስትለምነኝ ነበር፤ "ለእኔ ያልሠራኸውን ለኤሊ ሠራህ" ብላ እስካሁን ትነካካኛለች።

አሁን ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ሁሉም ታጥቦ ሲወጣ አንዷ ልጄ ውሃውን በጎማ መግፊያ ወደ ፍሳሹ ትገፋዋለች፣ ወለሉ እስኪደርቅ በሩ ይከፈታል። ውሃ የተኛበት ወለል ላይ ኤሊዋን መልቀቅ ክልክል ነው፣ ቆሻሻ መሳቢያዋ ውሃ ከገባበት ሞተሯ ይበላሻል። ከዚያ በእጅ አውርደን እናስቀምጣታለን፤ ስትጨርስ ስልኬ ይጮሃል፣ በእጅ እናወጣታለን። አዎ፣ ሠራተኛዋን ተሸክመን ነው የምናሠራት። ግን ጸጉሩን፣ ብናኙን፣ ከሽንት ቤት መቀመጫው ግራና ቀኝ ያለውን አቧራ አንድ አታስቀርም። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ጥግ አይደርሳትም፣ ግድግዳውና ሲንኩ የእኛ ነው። ብሩሿ ላይ የተጠመጠመውን ሹሩባ በሳምንት አንዴ በመቀስ መቁረጥ የባለጸጉሮቹ ተራ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን የወጣው ተገምዶ ልብስ ማስጫ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ላክል። ልጅቷ የኤሊዋን ውሃ መያዣ ስትከፍት ፊቷን አዞረች። በረኪና። እናቴ ማንም ሳያያት አንድ ብርጭቆ ጨምራበታለች።

"እማማ፣ በረኪና ጎማዋንና ውስጧን ይበላዋል።"

"ታዲያ ጀርም በምን ይሞታል ልጄ?"

"በረኪናውን በእጅ ሽንት ቤቱ ላይ ያርጉት። ለእሷ ንጹህ ውሃ ይበቃታል። ብቻ ከዚያኛው አሲድ ጋር እንዳይቀላቅሉት።"

መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይታቸዋለች። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ሳንባ ያቃጥላል። ጠርሙሶቹን ራሷ አንስታ በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀመጠቻቸው፣ የአሲዱንም ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ። ለዚህኛው ማን ከፈላት?

ባለቤቴ ካሜራ አላት ወይ ብላም ጠየቀቻት፣ መታጠቢያ ቤት ነዋ። የእኛዋ በጨረር ነው ቤቱን የምትለካው፣ ካሜራ የላትም። ያላቸው ግን አሉ፤ በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የሚባለው መጽሔት ለሙከራ ሰው ቤት የገቡ ሮቦቶች ያነሷቸው ፎቶዎች፣ ሽንት ቤት የተቀመጠች ሴት ጭምር፣ ወጥተው እንደተገኙ ዘግቧል። የምትገዙ ከሆነ ይህን ጠይቃችሁ ግዙ።

ቤት ለመጣችበት 600 ብር ሰጠኋት፣ መቶውን መለሰችልኝ። እናቴ ቡና አፍልታ ሦስተኛው ሳይጠጣ አትወጪም አለቻት፣ ጠጥታ ሄደች። ከአሜሪካ ዕቃ ተልኮላችሁ ጀርባውን ሳታነቡ የሰካችሁ ካላችሁ፣ እንደኔ አትፈሩ፣ ይዛችሁላት ሂዱ። እሁድ አትሠራም።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አዎ፣ "ትንሽ የኔትወርክ ችግር አለባት" ያልኩሽ ጊዜ ተቃጥላ ነበር። አሁን ደህና ናት። የመወልወያ ጨርቆቿ እያለቁ ነው፣ የሚመጣ ሰው ካለ አራት ላኪልን።