ከኤክስ ወደ ዌይላንድ፦ ስምንት ወር በደሴ ጽሕፈት ቤቴ

ደሴ ፒያሳ በምሠራባት አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና የተጫነበትን ላፕቶፕ፣ የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ ከሚያወጣው ከአሮጌው የኤክስ ማሳያ ሥርዓት እሱን ወደሚተካው አዲሱ ዌይላንድ ካዛወርሁት ስምንት ወር ሞላው። ኡቡንቱ ዌይላንድን ዋና ምርጫው ካደረገ ቢቆይም፣ የአማርኛ ትየባዬ እንዳይበላሽብኝ በመስጋት በኤክስ ቆይቼ ነበር።

እንድዛወር ያደረገኝ የደንበኞቼ ምስጢር ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ኤክስ 11 እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ይተማመናሉ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ አንድ ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚተየበውን ቁልፍና የሚታየውን ገጽ ያለ ፈቃድ ማንበብ ይችላል። ውክልናና የፍርድ ቤት አቤቱታ ለሚተይብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዌይላንድ ግን የተጫነው ቁልፍ የሚደርሰው እየተሠራበት ላለው መስኮት ብቻ ሲሆን፣ ስክሪን ለመቅዳት የሚፈልግ ፕሮግራምም አስቀድሞ ያስፈቅዳል።

በዓይን የሚታየው ለውጥም ደስ ያሰኛል። ረጅም ውል ወደ ታች ሳንሸራትት ገጹ መሐል ላይ ለሁለት ይሰነጠቅ የነበረው ቀርቷል።

ያስቸገረኝ ፊደሉ ነው። ለዌይላንድ ያልተሠሩ ፕሮግራሞች በኤክስዌይላንድ ድልድይነት ስለሚሠሩ፣ በአንድ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ፈጠን ብዬ ስተይብ አናባቢው ከተነባቢው ሳይዋሐድ ይቀርና «ወሎ» ያልሁት «ወልኦ» ሆኖ ይወጣ ነበር። ፕሮግራሙን በአዲስ እትም ከተካሁት ወዲህ ችግሩ አልተመለሰም። የስክሪኑን መጠን 125 በመቶ ሳደርግ ደግሞ በዚሁ ድልድይ የሚያልፉት ፕሮግራሞች ይደበዝዛሉ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ጭረት መሐል ወይም ግርጌ መሆኗ ነውና፣ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ስም ሳርም ዓይኔ ይደክማል፤ ስለዚህ መጠኑን ወደ 100 መልሼ የጽሑፉን ፊደል ብቻ ማሳደግ መርጫለሁ። ከርቀት እርዳታ የምቀበልበት የቆየ ፕሮግራም አሁንም ጥቁር ገጽ ብቻ ስለሚያሳይ፣ እርዳታ ባስፈለገኝ ቁጥር ወጥቼ በኤክስ እገባለሁ።

ወደ ኤክስ ጠቅልዬ አልመለስም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የወጣው ኡቡንቱ 25.10 ከመደበኛ ገጽታው የኤክስን ምርጫ ስላወጣው፣ በአማርኛ የምትተይቡ ሁሉ ፕሮግራሞቻችሁን 24.04 ሁለቱንም በሚሰጥበት በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ እንድትፈትሹ እመክራለሁ።