ጤዛ የሚያባርር የሌንስ ቀበቶ፦ ከወራት የሌሊት ቀረጻ በኋላ

ኮከብ ለማየት ካምፕ ወጥቼ ሌሊቱን ሙሉ ታይምላፕስ (በየተወሰነ ሰከንዱ የተነሱ ፎቶዎች ተቀጣጥለው የሚሠራ ቪዲዮ) ስቀርጽ የሚያዩኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራው ነው። ቀጥሎ ስለ ሌንሱ። የሌንሱ አፍ ላይ ስለተጠመጠመችው ጥቁር ጨርቅ ግን ጠያቂ የለም። ለኔ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ዋጋዋን በደንብ የመለሰችው እሷ ናት።

ዕቃዋ ቀላል ናት። ውስጧ የማሞቂያ ሽቦ የተዘረጋበት ቀበቶ ናት፤ ጫፏ በቬልክሮ ይያያዛል። ኃይል የምታገኘው በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክ ነው። ገመዱ መሃል ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ሙቀቱን በሦስት ደረጃ ትቆጣጠራለች። ከዱባይ የመጣ ዘመዴ ነው ወደ 20 ዶላር ከፍሎ ያመጣልኝ። የአምራቹን ስም አልጠራም። ያችው ዕቃ በየሱቁ በሌላ በሌላ ስም ስለምትሸጥ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ለምን ታስፈልጋለች? ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ደመና ቢኖር ከሙቀቱ የተወሰነውን ይመልሰው ነበር። ጥርት ሲል መላሽ የለም። ስለዚህ ወደ ሰማይ የዞረ መስታወት በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት ካለው ደግሞ መስታወቱ ጤዛ ይይዛል። ካሜራው ይህን አይነግራችሁም፤ ጭጋጉን ራሱ እየቀረጸ ያድራል። ጠዋት ቪዲዮውን ስታዩት ከዋክብቱ መጀመሪያ ያብጣሉ፣ ከዚያ ይደበዝዛሉ፣ በመጨረሻ ግራጫ ብቻ ይቀራል። ተነስቶ በጨርቅ መጥረግ ይቻላል። ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል፤ በዚያ ላይ ካሜራው በተነካ ቁጥር ቪዲዮው ላይ ዝላይ ይፈጠራል። ቀበቶዋ መስታወቱን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሞቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ጤዛ እንዳያርፍበት ይህ ይበቃል።

እኛ አገር ጤዛ የሚከፋው ክረምቱ እንደወጣ ነው። በመስከረምና በጥቅምት መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ግን ተከፍቷል። ችግሩ ለቀረጻ የምንቋምጥለት ወቅትም ይኸው መሆኑ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ መሃል ሌሊቱን ሙሉ የሚታይባቸውን የሰኔንና የሐምሌን ሌሊቶች ደመና ይበላብናል። የተረፈንን የምንቃርመው በመስከረም ምሽቶች ነው።

ወንጪ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ቀበቶዋን የወደድኳት እዚያ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር። የገሞራው አፍ ጠርዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከታች ሐይቁ አለ፤ ሣሩ እግር ያረጥባል። እንደመሸ ፍኖተ ሐሊብ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ ብቅ ይላሉ። ወደ 5 ሰዓት ሲጠጋ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ይከተላል። ከሁሉ የምጓጓለት ግን መጨረሻው ላይ ያለው ነው፦ ጎህ ከመቅደዱ በፊት በምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚቆም ደብዛዛ የብርሃን ሾጣጣ። በፕላኔቶች መካከል የተበተነ አቧራ የፀሐይን ብርሃን ሲያንጸባርቅ ነው የሚታየው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ለኛ ቀጥ ብሎ ይቆምልናል፤ ብዙ የአውሮፓ ሰው እንዲህ አያየውም። ጤዛ ደግሞ የሚበረታው በዚያው ሰዓት ነው። በዚያ ሌሊት የድንኳኑ ጨርቅ ይንጠባጠብ ነበር፤ የካሜራው ጀርባም ረጥቧል። የሌንሱ መስታወት ግን ደረቅ ነበር። ሾጣጣው ከነሙሉ ቁመቱ ገባልኝ።

ሒሳቡን እንየው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ብታነሱ 1,140 ፎቶ ይሆናል። በሰከንድ 25 ፎቶ ሲጫወት 45 ሰከንድ ግድም ቪዲዮ ነው። ጤዛው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሌንሱን ከዘጋው ግን 780 ፎቶ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። 31 ሰከንድ፣ ያውም ከመጨረሻው ትዕይንት ውጪ። ውድ ካሜራ ይህን አያድንላችሁም።

ባሌ ላይ ፈተናው ሌላ ነው። ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ሜዳ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ አናቱ ላይ ተቀምጧል። የሄድነው በታኅሣሥ ነው፣ የጄሚኒድስ ተወርዋሪ ከዋክብት የሚበዙበትን ታኅሣሥ 4 እና 5ን አስበን። ትራይፖዶቻችን ከጅብራው መሃል እንደ ጅብራ ተገትረው አደሩ። እዚያ የሚያስቸግረው ከጤዛ ይልቅ ውርጭ ነው፤ በዚያ ላይ ንፋሱ። ንፋስ ጤዛን ያስቀራል፤ ግን የቀበቶዋንም ሙቀት ይወስዳል። በከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጌያትም ስነካት ለብ ያለች ብቻ ነበረች። መፍትሔው ያረጀ የሱፍ ካልሲ ሆነ። ጣቱን ቆርጬ በላይዋ ሳለብሳት ሙቀቱ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ደረጃ አደረች። የካሜራውን ባትሪ ግን ቀበቶዋ አትረዳውም፤ ብርዱ ቶሎ ይጨርሰዋል። ካሜራውም በገመድ ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ ማሰብ አለባችሁ።

ስለ አቅጣጫ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በፈረንጅ ቪዲዮዎች ላይ ከዋክብት በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ታያላችሁ። ባሌ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ትንሽ ኮረብታ ይሸፍነዋል። የኛ ሰማይ የሚያምረው ወደ ምሥራቅ ሲቀረጽ ነው፤ ከዋክብቱ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ለጤዛም ይሻላል። ወደ አድማስ የዞረ ሌንስ ሽቅብ ከሚያየው ሌንስ ዘግይቶ ነው የሚረጥበው።

ላንጋኖ ላይ ቀበቶዋ እምብዛም ሥራ የላትም። ሌሊቱ ሞቃት ነው፤ ዝቅተኛው ደረጃ ይበቃል። እዚያ ያስቸገረኝ ፓወር ባንኩ ነው። ቀበቶዋ በዝቅተኛው ደረጃ የምትወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ምንም ያልተሰካበት መስሎት ራሱን ያጠፋል። ሁሉም ፓወር ባንክ እንዲህ አያደርግም። የኔው ስላደረገ ስልኬን ጎን ለጎን ሰክቼ አሳደርኩት።

የኃይሉን ነገር ካነሳን፣ ከ20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በታች ባትይዙ ይሻላል። እንዲህ ያለው ፓወር ባንክ በወረቀት 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። ቀበቶዋ በመካከለኛው ደረጃ ወደ 5 ዋት ትወስዳለች፤ ለ9 ሰዓት ተኩል ወደ 47 ዋት ሰዓት ማለት ነው። በከፍተኛው ደረጃ ግን አንዱ አያሳድራትም። ፓወር ባንኩን ከመሬት አንስታችሁ ቦርሳ ውስጥ ወይም ጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩት፤ እሱም ይበርደዋል።

አሁን ቅሬታዬን ላውጣ። የመጀመሪያው ቁልፏ ናት። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ቀበቶዋ በራሷ አትነሳም፤ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ሌሊት ፓወር ባንክ ቀይሮ ወደ ድንኳኑ የሚመለስ ሰው ይህን ካላወቀ ጉድ ይሆናል። ሁለተኛው ቁልፏ ላይ ያለው ሰማያዊ መብራት ነው። ሰው ሁሉ የግንባር ባትሪውን ቀይ አድርጎ በሚንቀሳቀስበት ካምፕ ይህ መብራት ከጎረቤት ካሜራ ውስጥ ይገባል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፌበት ተገላገልኩ። ሦስተኛው ደግሞ ገመዱ ከጨርቁ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከወራት መታጠፍ በኋላ ልል ሆነና ሙቀቱ ይቆራረጥ ጀመር። ሰፈር ያለ የስልክ ጠጋኝ በትንሽ ብር በየደልኝ፤ እስካሁን ይዟል። ለዕቃዋ ዋጋ ብዙ አልጨክንም፤ ግን ሽቦው በቀላሉ የሚላቀቅ ዕቃ መሥራት ሥራ አይደለም።

አጠቃቀም ላይ፣ ቀበቶዋን የምትጠመጥሟት ከፎከስ ቀለበቱ ፊት፣ ሌንሱ ጫፍ ላይ ነው። ፎከስ ከማድረጋችሁ በፊት ቀበቶዋን አብርታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መስታወት ሲሞቅ ፎከሱ ትንሽ የሚንሸራተትባቸው ሌንሶች አሉ። ከሞቀ በኋላ ደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክሉና ቀለበቱን በፕላስተር እሰሩት። ሲነጋ ካሜራውን ወደ ሞቀ ድንኳን ወይም መኪና ከማስገባታችሁ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ዝጉት። ሌሊቱን ያመለጣችሁት እርጥበት እዚያ እንዳይቀበላችሁ።

ማነው የማያስፈልገው? ለአንድ ሰዓት ብቻ ቀርጾ የሚተኛ፣ ወይም ደረቅና ነፋሻ ቆላ ብቻ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ይያዝ። እነሱ ጥሩ የሌንስ ኮፍያ (ክዳኑ ሳይሆን ሌንሱን ዙሪያውን የሚከልለው) ይበቃቸዋል። ሁለት ሌንስ ይዞ ለሚያድር ግን አንዷ አትበቃም። እኔም ሁለተኛ አዝዣለሁ፤ ይችኛዋ ረዘም ትላለች፣ ቁልፏም የመጨረሻውን ደረጃ ታስታውሳለች ተብሏል። የሚቀጥለው መስከረም ያሳያል።